አሥራ አራተኛው ዋንዛ

ልጀምር? ጀምር በሉኝ። ልቀጥል? ቀጥል በሉኝ። ላሳጥር ብል ግን እሺ አትበሉኝ፤ ይህ ተረት ሰንሰለት ነው፣ አንዲት ቀለበት ከጎደለች ሁሉም ይበተናል።

በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ከገበያው እስከ ፍርድ ቤቱ በር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አሥራ አራት ዋንዛዎች በአንድ ረድፍ ቆመው ነበር። በአሥራ አራተኛው ሥር፣ እፍርድ ቤቱ በር አጠገብ፣ ጋሽ ማንደፍሮ የሚባሉ ማመልከቻ ጸሐፊ ይቀመጡ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት እዚያው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር ለራሳቸው፣ አንድ ዱካ ለባለጉዳይ። ግድግዳቸው ግንዱ፣ ጣሪያቸው ቅጠሉ። ዋንዛው ሲያብብ ነጭ አበባው ወረቀታቸው ላይ ይረግፋል፤ እሳቸው እፍ ይሉትና «ለክቡር ፍርድ ቤት» ብለው ይቀጥላሉ።

አንድ ሰኞ ጧት ሲመጡ ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። መንገዱ ሊሰፋ፣ የጎርፍ ቦይ ሊቆፈር ነው። አሥራ አራቱም ዋንዛ ቀይ ለብሷል። ከወደ ገበያው መጋዝ ይጮኻል።

በአሥራ ሦስተኛው ዋንዛ ሥር ቆሎ የምትሸጠው ስንዱ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ የቢሮ ቋንቋ ያውቃሉ። ሄደው ይለምኑልን። ለሁሉም ይለምኑልን!»

«ስንዱዬ፣ ብዙ የለመነ ባዶ እጁን ይመለሳል» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። «ለአንድ ዛፍ ብቻ ብለምን ግን ያፍሩና እሺ ይሉኛል።»

የቱ አንድ እንደሆነ ስንዱ አልጠየቀችም። እሳቸውም አልነገሯት።

ባርኔጣቸውን አድርገው መጋዝ ያዡ ዘንድ ሄዱ። ሰውየው ቅንድቡ ድረስ በእንጨት ብናኝ ነጥቷል።

«ልጄ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ተውልኝ።»

«አባቴ፣ እኔ ዛፍ አልመርጥም። ቀይ ያለበትን እጥላለሁ፣ ቀይ የሌለበትን አልፋለሁ። ቀለሙ ካልጠፋ መጋዜ አያርፍም።»

መጋዙ፣ ቀለሙ ካልጠፋ አላርፍም አለ፤ ጋሽ ማንደፍሮም ቀለም ቀቢውን ፍለጋ ሄዱ።

ቀለም የቀባው ፎርማኑ ነው። ጫማው ቀይ ተረጭቶበት፣ የቀለም ጣሳው ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል።

«እኔ ከልቤ አንቅቼ አልቀባሁም» አለ። «መሐንዲሷ የመንገዱን ዳር ለማመልከት ክር ዘረጋች፤ ክሩ የነካውን ሁሉ ቀባሁ። ክሩ ካልዞረ ቀለሜ አይጠፋም።»

«እንግዲያው ሌሎቹን ቀጥሉ፣ የኔዋን ብቻ ለመጨረሻ አቆዩልኝ።»

«እሷማ ወትሮም መጨረሻ ናት» አለ ፎርማኑ። ጋሽ ማንደፍሮ ደስ አላቸው፤ አመስግነውት ሄዱ።

መጋዙ፣ ቀለሙ ካልጠፋ አላርፍም አለ፤ ቀለሙ፣ ክሩ ካልዞረ አልጠፋም አለ። በዚያ ሰኞ ሁለት ዋንዛ ወደቀ።

ማክሰኞ ወደ መሐንዲሷ ሄዱ። መሐንዲስ ረድኤት ወጣት ናት፤ ቢሮዋ የብረት ኮንቴይነር ነው። ወንበሯን ለቀቀችላቸው፣ ውኃ ቀዳችላቸው፣ ካርታዋን ዘረጋች።

«የትኛዋ ናት፣ አባቴ?»

ጋሽ ማንደፍሮ ጣታቸውን በካርታው ላይ አስኬዱ። አሥራ ሦስት ትንንሽ ክቦችን አልፈው መጨረሻዋ ላይ አቆሙ። «ይቺ ብቻ።»

«እዚህ ጋ ክሩን ከዛፎቹ ኋላ ወዳለው የቆርቆሮ አጥር በኩል አንድ ሜትር ተኩል መግፋት ይቻል ነበር» አለች። «ግን የመብራት ምሰሶ አለ። ምሰሶው ካልተነሳ ክሬ አይዞርም።»

መጋዙ፣ ቀለሙ ካልጠፋ አላርፍም አለ፤ ቀለሙ፣ ክሩ ካልዞረ አልጠፋም አለ፤ ክሩ፣ ምሰሶው ካልተነሳ አልዞርም አለ። ማክሰኞ ማታ ጋሽ ማንደፍሮ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አምስት ጉቶ ቆጠሩ። ጥላውን ያጣው ጫማ ሰፊ ዣንጥላ ከፍቶ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰላም ሲላቸው አንገታቸውን ደፍተው አለፉ።

ረቡዕ ወደ መብራት ሰውየው ሄዱ። ሰውየው ከወንበሩ ተነሳ፤ የእናቱን የውርስ ማመልከቻ የጻፉለት እሳቸው ናቸውና።

«ለእርስዎማ ምሰሶ ምን ይገዳል፣ ጋሼ! ወደ ኋላ እንዳልተክለው ግን ከሥሩ የውኃ ቧንቧ ያልፋል። እሱን ብበሳው ከተማው ይጠማል። ቧንቧው ወደ ውስጥ ካልገባ ምሰሶዬ አይነሳም።»

መጋዙ፣ ቀለሙ ካልጠፋ አላርፍም አለ፤ ቀለሙ፣ ክሩ ካልዞረ አልጠፋም አለ፤ ክሩ፣ ምሰሶው ካልተነሳ አልዞርም አለ፤ ምሰሶው፣ ቧንቧው ካልገባ አልነሳም አለ። በዚያ ረቡዕ የወደቁት ሰባት ደረሱ። ጋሽ ማንደፍሮ ግን ልባቸው አልወደቀም፤ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፉ ነገሩ የሚቃና መስሏቸው ነበር።

ሐሙስ ጧት የውኃውን ሰው አገኙት። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ ቆሟል።

«ቧንቧውን ወደ ውስጥ ማስገባት ይቻላል» አለ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «የሚገባው ግን በወይዘሮ አስካለ ግቢ ነው። አጥሩ ካልፈረሰ ቧንቧዬ አይገባም። እሳቸውን ያውቋቸዋል?»

ጋሽ ማንደፍሮ ወደ አጥሩ ሳያዩ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

ማወቅስ ያውቋቸዋል። የወይዘሮ አስካለ የቆርቆሮ አጥር ከገበያው ጀምሮ እስከ ፍርድ ቤቱ፣ ከዋንዛዎቹ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የሟች ባላቸው ወንድም በመሬት ከሰሳቸው፤ ክሱን የጻፉት ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው። ሰውየው «አጥሯን አስጠጋችብኝ» ብሎ ነገራቸው። እሳቸው ብዕራቸውን አሹለው «ድንበር ገፊዋ ወይዘሮ አስካለ» ብለው ጻፉ። ፍርዱ ለወይዘሮ አስካለ ሆነ። ቃሉ ግን አልቀረም። በዕድሩ «ድንበር ገፊዋ»፣ በገበያው «ድንበር ገፊዋ»፣ በደጀ ሰላሙ «ድንበር ገፊዋ»። ሴትዮዋ ቀስ በቀስ ከሰው ቀሩ። ጋሽ ማንደፍሮም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ፊት ለፊት አላለፉም፤ እዚያ ሲደርሱ መንገዱን ይሻገሩ ነበር።

በዚያ ሐሙስ፣ ከረፋዱ ላይ፣ በሩ ደረሱ። እጃቸውን አነሱ። ከውስጥ የሴት ሳል ተሰማ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ነገ ጧት ይሻላል» አሉ ለራሳቸው፣ ተመልሰውም ሄዱ።

መጋዙ፣ ቀለሙ ካልጠፋ አላርፍም አለ፤ ቀለሙ፣ ክሩ ካልዞረ አልጠፋም አለ፤ ክሩ፣ ምሰሶው ካልተነሳ አልዞርም አለ፤ ምሰሶው፣ ቧንቧው ካልገባ አልነሳም አለ፤ ቧንቧው፣ አጥሩ ካልፈረሰ አልገባም አለ። ጋሽ ማንደፍሮም፣ ነገ ካልሆነ አላንኳኳም አሉ። ረፋዱ ላይ በሩ ጋ ሲቆሙ ዘጠኝ የነበረው ጉቶ ሐሙስ ማታ አሥራ ሁለት ሆነ።

ዓርብ ጧት መጋዙ በአሥራ ሦስተኛው ላይ ተነሳ። ስንዱ ቆሎዋን ወደ ከረጢቷ እየገለበጠች ሰፌዷን ሰብስባ ቆመች። ዛፉ መጀመሪያ እንደሚያስብ ሰው ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ ተንቋቁቶ ወደቀ። የወፍ ጎጆ ከላዩ ተፈናጥሮ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ከዚህ በኋላ የቀረችው አንዲት ብቻ ናት።

ጋሽ ማንደፍሮ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያደርጉ ሮጡ። በሩን በመዳፋቸው ደበደቡ።

«ማነው?»

«ማንደፍሮ ነኝ።»

«የቱ ማንደፍሮ?»

«ጸሐፊው።»

ከዚያ መቀርቀሪያው ተሳበ። ወይዘሮ አስካለ በጣም አርጅተዋል፤ በከዘራ ነው የቆሙት።

«እህ፣ ጸሐፊው። ዛሬ ደግሞ ምን ጻፍክብኝ?»

ጋሽ ማንደፍሮ ሰንሰለቱን ከነቀለበቱ ነገሯቸው፤ መጋዙን፣ ቀለሙን፣ ክሩን፣ ምሰሶውን፣ ቧንቧውን፣ አጥሩን። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«የሰው መሬት ገፊዋ እኔ፣ መሬቴን ለመንገድ ልስጥ?» አሉ። «ጥሩ ነው። በመጀመሪያ ግን ቃልህን አንሳልኝ። ቃሉ ካልተሻረ አጥሬ አይፈርስም።»

መጋዙ፣ ቀለሙ ካልጠፋ አላርፍም አለ፤ ቀለሙ፣ ክሩ ካልዞረ አልጠፋም አለ፤ ክሩ፣ ምሰሶው ካልተነሳ አልዞርም አለ፤ ምሰሶው፣ ቧንቧው ካልገባ አልነሳም አለ፤ ቧንቧው፣ አጥሩ ካልፈረሰ አልገባም አለ፤ አጥሩ፣ ቃሉ ካልተሻረ አልፈርስም አለ። ቃሉስ የማን ነው? ጋሽ ማንደፍሮ ከዚህ ወዲያ የሚሄዱበት ሰው አልነበራቸውም።

«የባልዎ ወንድም...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። «የለም። ቃሉ የኔ ነው። እሱ ‹አስጠጋችብኝ› ብቻ ነው ያለኝ። ‹ድንበር ገፊ› ያልኩት እኔ ነኝ። ለጆሮ ያማረ መስሎኝ ነበር። አሁኑኑ በወረቀት ጽፌ እፈርምልዎታለሁ።»

«ወረቀትህንማ አይቼዋለሁ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «በአፍህ ተናገር። ሰው ባለበት።»

ወጡ። መጋዝ ያዡ ነዳጅ እየሞላ ነበር። ባለጉዳዩ ፍርድ ቤት በር ላይ ተሰብስቧል፤ ስንዱ ከረጢቷን ታቅፋ ቆማለች። ጋሽ ማንደፍሮ ሃያ ሰባት ዓመት የሰው አቤቱታ ሲጽፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ዛሬ ከፍ አደረጉ።

«ወገኖቼ! እኚህ ሴት የማንንም ድንበር አልገፉም። ያንን ስም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁባቸው እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ!»

ወይዘሮ አስካለ ከበራቸው ላይ ለረጅም ጊዜ ሰዉን ተመለከቱ። ሰውም እሳቸውን። ከዚያ በከዘራቸው ቆርቆሮውን ነኩት።

«ውሰዱት» አሉ። «ለአንድ ዛፍ ብዬ ግን አጥሬን አላጎብጥም። ከሰጠሁ ከዳር እስከ ዳር ነው።»

ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተፈታ። ቃሉ ተሻረ። አጥሩ፣ ቃሉ ከተሻረማ እፈርሳለሁ አለ፤ ቧንቧው፣ አጥሩ ከፈረሰማ እገባለሁ አለ፤ ምሰሶው፣ ቧንቧው ከገባማ እነሳለሁ አለ፤ ክሩ፣ ምሰሶው ከተነሳማ እዞራለሁ አለ፤ ቀለሙ፣ ክሩ ከዞረማ እጠፋለሁ አለ፤ መጋዙም፣ ቀለሙ ከጠፋማ አርፋለሁ አለ። አምስት ቀን የተኬደበት መንገድ በሦስት ስልክ አለቀ። ፎርማኑ ቀዩን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ፍቆ አጠፋው። መጋዙ ዝም አለ። አሥራ አራተኛው ዋንዛ ቆሞ ቀረ።

መሐንዲስ ረድኤት መጥታ ክሩን እንደገና ዘረጋችው። ፎርማኑ ከፍርድ ቤቱ በር አንዱን ጫፍ ያዘ፤ እሷ ሌላውን ይዛ እስከ ገበያው ሄደች። አጥሩ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቷልና ክሩ ቀጥ ብሎ አለፈ። እሷ ስትመለስ ቀስ እያለች ነበር። እያንዳንዱ ጉቶ ጋ እየቆመች ታያለች፣ ክሩን ታያለች፣ እንደገና ጉቶውን ታያለች።

«ክሩ አንዱንም አልነካም» አለች ጋሽ ማንደፍሮ አጠገብ ስትደርስ። «አሥራ ሦስቱም ከክሩ ውጭ ናቸው። አንዱንም መቁረጥ አያስፈልግም ነበር።»

ወደ ጋሽ ማንደፍሮ ዞረች።

«እርስዎ አንዷን ጠየቁኝ፣ እኔም ስለ አንዷ አሰብኩ» አለች። «አጥሩን ይጠይቁልን ብዬ ሰው መላክ እችል ነበር እኮ። ለምን አልላክሁም?»

ወይዘሮ አስካለ በከዘራቸው የአሥራ ሦስተኛውን ጉቶ ነኩ። ቁርጡ ገና እርጥብ ነበር።

«ሰኞ ብትመጣ ሰኞ እሰጥህ ነበር፣ ማንደፍሮ» አሉ፣ ሳይቆጡ። «አሥራ አንድ ዓመት ያንን በር የምታንኳኳ መስሎኝ ስጠብቅ ነበር።»

ጋሽ ማንደፍሮ ሐሙስ አየር ላይ የቀረውን እጃቸውን ተመለከቱ። ስለ ሐሙስ ለማንም አልተናገሩም። ያን ዕለት አንኳኩተው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አራቱ ቆመው ነበር፤ የስንዱም ከአራቱ አንዱ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ሲመጡ ከዋንዛቸው ሥር ቦታ አልነበረም። ጫማ ሰፊው ተቀምጧል፤ ሎተሪ ሻጩ ተቀምጧል፤ ከገበያው በኩል ጥላ ያጡ ሁሉ መጥተዋል። ፀሐይዋ ስትዞር ሁሉም በርጩማውን ይዞ ከጥላው ጋር ይዞራል፤ ጥላው ግን ለሁሉም አይበቃም። ጋሽ ማንደፍሮ ጠረጴዛቸውን ወደ ፀሐዩ አወጡት። ስንዱ አየቻቸውና ተነሳች።

«ኧረ ጋሼ፣ ይግቡ! ቦታው የርስዎ አይደል?»

«አንቺ ተቀመጪ።»

ከቆሎዋ አንድ እፍኝ አምጥታ ወረቀታቸው ላይ አኖረችላቸው። ነገረ ሥራዋ ከልቧ ነው፤ ነገር የለባትም።

«እንኳን የርስዎ ተረፈልዎ፣ ጋሼ» አለች።

«አሜን» ይባላል እንግዲህ። ጋሽ ማንደፍሮ አፋቸውን ከፈቱ፤ አሜኑ ግን አልወጣ አላቸው። ቆሎውን ይዘው፣ ፀሐይ እየመታቸው ተቀመጡ።

እኔም እዚህ ላይ ከተረቴ ወረድኩ። ጥላ ያለው ያካፍል፣ የሌለው ይትከል፣ የሚለምን ሰው ደግሞ ለጎረቤቱም ይለምን።