ታቦቱን የሚመልሱ ላሞች

ፊታውራሪ ጓንጉል የጎረቤት አገር ሰዎችን የግጦሽ መሬት ለመንጠቅ ሁለት ጊዜ ዘምተው ሁለቴም ተደብድበው ተመለሱ። ለሦስተኛው ሲነሱ የደብሩን ታቦት አስይዘው ሊሄዱ ቆረጡ። ካህናቱ ፈርተው አንገታቸውን ደፉ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፊታውራሪው ይህንኑ ለሕዝቡ ሲያስታውቁ፣ አንድ ባላገር ራሱን ሲነቀንቅ አዩት። ሁለት የሚታለቡ ላሞች እንጂ ሌላ ሀብት የለውም፤ ምላሱን ግን አገሩ ሁሉ ይፈራዋል።

«ና ወዲህ» አሉት። «ታቦቱ ድል ያደርጋል ወይስ አያደርግም? አያደርግም ካልክ ታቦት ክደሃልና ትገረፋለህ። ያደርጋል ካልክ ደግሞ ላሞችህ ለሠራዊቱ ይታረዳሉ።»

ሰውዬው ኩታውን አደግድጎ እጅ ነሳ።

«ታቦቱማ ድል ማድረጉ ምን ያጠራጥራል ጌታዬ። በካህኑ በኤሊ ዘመን ልጆቹ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ዘመቱና ፍልስጤማውያን ማረኩት። እሱ ግን እዚያው በጠላት አገር ሆኖ ጣዖታቸውን ሰባበረው። መልሰው ሲሰዱት ሠረገላውን ስበው ያመጡት ሁለት የሚታለቡ ላሞች ናቸው። እንግዲህ የእኔዎቹን ካረዷቸው ታቦታችንን ማን ይመልሰዋል?»

ፊታውራሪው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ይሁን፣ ላሞችህ ይቆዩ። እኔንስ ማን ይመልሰኛል?»

«እሱን እንኳ እኔም ስፈልግ ነበር፤ ይዘውት የዘመቱት የኤሊ ልጆች እዚያው ጦር ሜዳ ሞተው ስለቀሩ፣ ለእነሱ ስለታዘዘ ላም ካህናቱ ሲያነቡ አልሰማሁም።»