በቆርቆሮ የምትዘጋው ቆጣሪ

አንድ ሾፌር ነበረ። ትርንጎ ልጄ፣ «አባ፣ እግዚአብሔር የምሠራውን ሁሉ ያያል ሲሉኝ ጭንቅ ይለኛል፤ መታየት እንዴት ሰውን ያጽናናል?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና በዚህ ሾፌር እመልስልሻለሁ። እኔ መኪና መንዳት አላውቅም፤ ብሳሳት አትሳቂብኝ።

ሾፌሩ በሚኖርበት አገር የጭነት መኪና በሄደበት ርቀት ልክ የመንገድ ክፍያ ይከፍል ነበር። ለዚህም ርቀት ቆጣሪ የምትባል ትንሽ መሣሪያ ትገጠምለታለች። እሷም መኪናው የት የት እንደዋለ በሳተላይት እያየች ከተማ ላለው መሥሪያ ቤት ታስተላልፋለች። ሾፌሮቹ ግን አንድ ዘዴ ነበራቸው። የገጠሩ መገንጠያ ላይ ሲደርሱ መሣሪያዋን ነቅለው ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ይከቷታል፤ ክዳኑንም ጥርቅም ያደርጉታል። እዚያ ውስጥ ሆና ምንም አታይም። ሲመለሱ ያወጧታል። የእኛም ሾፌር ቆርቆሮው ከወንበሩ ሥር አይጠፋም ነበር። መሣሪያዋን ባየ ቁጥር «አማት ጭነውብኛል» እያለ ያማርራል።

አንድ ቀን ሚስቱን አሳፍሮ የታመመች እናቷን ሊጠይቁ ወጡ። መገንጠያው ላይ እንደ ልማዱ ቆርቆሮውን ሲስብ ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«እናቴን ልንጠይቅ እኮ ነው የምንሄደው። ይኼ ምኑ ይደበቃል?» አለችው።

ሾፌሩ አጉረመረመ፤ ግን ከእሷ ጋር ከመጨቃጨቅ መክፈሉን መረጠ። ሚስቱም ቆርቆሮውን ተቀብላ ለእናቷ የያዘችውን በሶ ሞላችበት።

በማግስቱ ሲመለሱ ዋናው መንገድ አንድ መንደር ላይ በድንጋይ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ትናንት ቀትር ላይ ሰማያዊ የጭነት መኪና የአንድ ገበሬ ልጅ ገጭቶ አምልጧል፤ ልጁም እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። የእኛም ሾፌር መኪና ሰማያዊ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጥፋተኛው እስኪገኝ አገሩን ሰብስበው አውጫጭኝ ተቀምጠዋል፤ ፖሊስም አብሯቸው አለ።

ሾፌሩ «ያን ሰዓት አማቴ ቤት ነበርኩ» ብሎ ማለ። ሚስቱም ማለች። የልጁ አባት ግን ዓይኑ እንደቀላ ተነሣ።

«ልጅ ገጭቶ የሚሸሽ ሰው መማል ያቅተዋል? ሚስትስ በባሏ ላይ ልትመሰክር ኖሯል?» አለ።

ሕዝቡ አጉተመተመ። ፖሊሱ የሾፌሩን ክንድ ያዘ። ሾፌሩ ወህኒ ቤቱ ታየው። በዚህ ጊዜ ያቺ የሚጠላት መሣሪያ ትዝ አለችው።

«ከተማ ደውሉ! እሷን ጠይቋት!» ብሎ ጮኸ።

ተደወለ። በኋላም መልሱ መጣ፤ መኪናው ትናንት ከረፋድ እስከ ማታ ከአማቱ ደጅ ንቅንቅ አላለም። የልጁ አባት መንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ በገዛ እጁ ያነሣለት ጀመር። «ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ ልጄ ሆኖብኝ ነው» አለው።

ሾፌሩ መንደሩን እንዳለፈ መኪናውን አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እፎይ ብሎ ነው ያለቀሰው። «ቆርቆሮው ውስጥ ብትሆን ኖሮ...» አለና መጨረስ አቃተው።

አየሽ ትርንጎ? ሾፌሩ መሣሪያዋን የሚያውቃት በምታስከፍለው ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ትመሰክርልኛለች ብሎ አላሰበም። እሷ የሰው እጅ ሥራ ናት፤ ልትሳሳትም ትችላለች። እግዚአብሔር ግን አይሳሳትም። አንቺ ጥፋትሽን ብቻ የሚለቅም ይመስልሻል። የባልሽ ዘመዶች ያላደረግሽውን አድርጋለች ብለው ስምሽን ሲያጠፉ፣ ምለሽ እንኳ ሳያምኑሽ፣ የት እንደነበርሽ ማን ያውቃል? እሱ ነው። አዎ፣ የሠራሽውንም ያውቃል። ሾፌሩም ለሄደበት መንገድ ከፍሏል፤ ግን ቤቱ ገብቶ አደረ።

በይ እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም ቆርቆሮሽን ክፈቺውና ውስጡ ያለውን ለእኔ ለነፍስ አባትሽ ንገሪኝ። እሱ እንደሆነ አስቀድሞ አይቶታል፤ እስካሁንም አልተወሽም።