ያልተመታችው ኳስ

አንድ የኮሌጅ ቡድን አጥቂ ነበር፤ እግሩ ፈጣን፣ ምላሱ ደግሞ ከእግሩ የባሰ። የኮሌጁ ዲን ዶክተር ደምመላሽ ንግግር ይወዳሉ። ከዕረፍት በፊት ጎል ያገባ ተጫዋች የክብር ትሪቡን ወጥቶ እጃቸውን እንዲጨብጥና አጠገባቸው ቆሞ ምክር እንዲሰማ ያዘዙትም እሳቸው ናቸው።

ቡድኑ ሁለት ለዜሮ በተሸነፈ ማግስት ዲኑ ተጫዋቾቹን አዳራሽ ሰብስበው ስለ ድል ምንነት ሲናገሩ አረፈዱ። በመጨረሻ ጣታቸውን ወደ አጥቂው ቀሰሩ።

«አንተ፣ ተነሣ። ገና ከዕረፍት በፊት በረኛው ወድቆ፣ ጎሉ ባዶ ሆኖ፣ ኳሷ እግርህ ሥር ነበረች። ለምን አልመታሃትም? የሚያሳምን ምክንያት ከሌለህ ማልያህን አሁኑኑ አስረክብ።»

አጥቂው ማልያውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው። እጁን አጣምሮ አንገቱን ደፋ አደረገ።

«ክቡር ዲን፣ ባለፈው ሳምንት ያገባሁት እኔ ነበርኩ። ምክርዎን ስሰማ ዕረፍቱ አልቆ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ወደ ሜዳ ተመለስኩ። ይህን ክብር ሁልጊዜ ለብቻዬ መውሰዱ ነውር መሰለኝና ኳሷን ለጓደኛዬ አቀበልኩት። እሱም ‹በሞቴ፣ አንተ ምታት› ብሎ መለሰልኝ። እኔም ‹ኧረ በሞቴ፣ አንተ› አልኩት። እንዲህ ስንግደረደር በረኛው ተነሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ ወሰዳት።»

«ተጋጣሚዎቻችሁስ እንዴት አገቡ ታዲያ?» አሉ ዲኑ ፊታቸው ቀልቶ።

«እነሱማ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ የእነሱ ዲን አልመጡም።»