የጃርት ሽንኩርትና የዶሮ ምክር

ተረት ተረት ስላችሁ፣ “የጓሮ በረከት” በሉኝ።

እምቢ ማለት የማታውቅ አንዲት ጃርት ነበረች። በጓሮዋ መደብ አውጥታ፣ አፈሩን አልማ፣ የሽንኩርት ዘር ዘራች። ገና ውሃ አጠጥታ ሳትጨርስ ጎረቤቷ፣ ሁሉን አዋቂዋ ዶሮ፣ ከች አለች።

“ይሄ ዘርሽ ጠቁሯል። ተቃጥሏል ማለት ነው” አለች።

“የሽንኩርት ዘር እኮ ድሮም ጥቁር ነው፣ እትዬ ዶሮ።”

“እኔ ምን ቸገረኝ? ላንቺው ብዬ ነው። የተበላሸውን ልልቀምልሽ።”

ጃርትን ይሉኝታ ያዛት። ዶሮም መደቡን ጭራ ጭራ የተበላሸውን ሁሉ ለቀመች፤ አንድም ጤነኛ አልተገኘም። ጃርት እንደገና ዘራች። ዶሮ ደከመኝ ሳትል ያንንም መረመረችላት፤ ከልፋቱም ብዛት ወፈረች።

በሦስተኛው ጃርት የቀረቻትን እፍኝ ዘር ዘርታ አፈር አለበሰችው። ከዚያ ከጀርባዋ የወላለቀውን እሾህ ሁሉ ሰብስባ፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርጋ፣ እንዳይታይ በመደቡ አፈር ውስጥ ተከለችው። ዶሮ ስትመጣ ጃርት አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ “እትዬ፣ እንደ ምክርዎ ዘር ቀይሬያለሁ። እስቲ ይመርምሩልኝ” አለቻት።

ዶሮ አንዴ ጫረች። ጩኸቷ መንደሩን አናወጠው፤ እያነከሰችም ወደ ቤቷ ገባች።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሽንኩርቱ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ለምለም ሆኖ በእሾሁ መሃል ብቅ አለ። ዶሮም ከአጥሩ ማዶ ቆማ፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ “አያችሁልኝ? እኔ መክሬያት ነው እኮ!” ትለው ጀመር።

ተረቴን ለጎረቤት፣ ሽንኩርቱን ለወጥ ቤት።