የግራዝማች ደርሶ ምሰሶ

አንድ ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ከሥዕሉም ከመጋረጃውም በፊት ዓይኑ የሚሄደው ወደ አንድ ምሰሶ ነበር።

ለምን መሰላችሁ? ምሰሶው የአያቱ ነዋ!

ደብሩ የቆየ ነው፤ ክብ ሆኖ የተሠራ። መካከል ላይ መቅደሱ አለ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፦ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዞ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ከእግሯ ሥር ደግሞ ሥዕሉን ያሠሩት ባልና ሚስት ተደፍተው ይታያሉ። ዙሪያውን ጣሪያውን የተሸከሙ የጥድ ምሰሶዎች ቆመዋል። ጥንት ሕንፃው ሲሠራ እያንዳንዱን ምሰሶ ያመጣው አንድ ቤተሰብ ነው። በሴቶቹ መቆሚያ በኩል ያለውን ግራዝማች ደርሶ አመጡ፤ ስማቸውም ተቀረጸበት። ያ ሰው የእሳቸው የልጅ ልጅ ነው። ልየው ይባላል።

ልየው ክፉ ሰው አልነበረም። ይጾማል፤ ያስቀድሳል፤ የተቸገረ ሲያይ እጁ አይታጠፍም። በዚያ ምሰሶ ከመጡበት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሚስቱንም ሴት ልጁንም፣ «የእኛ ቦታ እዚያ ሥር ነው» ብሎ አስለምዷቸዋል።

አንድ ክረምት ምሰሶውን ምስጥ ገባበት። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ኅሩይ ልየውን ለብቻው ጠሩት።

«ልጄ፣ ምሰሶው ታሟል። አናጢውም አይቶታል። ሰው ላይ ሳይወድቅ እንቀይረው።»

«ይቅር ይበሉኝ አባ፤ የአያቴን ስም የሚነቅለው ማን ነው? ይህን ሁሉ ዘመን የቆመ ዛሬ ይወድቃል?»

«ስማቸው የተቀረጸበትን ቆርጠን በክብር እናስቀምጠዋለን።»

«እሱ ከሚወጣ እኔ ብወጣ ይሻለኛል!»

አባ ኅሩይ በደብሩ ጥል እንዳይነሣ ፈሩና ነገሩን ለጊዜው አቆዩት። ሴቶቹ ግን ምን አደረጉ? ቀስ በቀስ ከምሰሶው ራቁ። ጥግ ጥጉን ተጨናንቀው ማስቀደስ ጀመሩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የልየው ልጅ ይመኙሻል የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና አስነሣች። ከጥምቀቱ በኋላ ሕፃኑን ታቅፋ ገባችና የት ቆመች? ምሰሶው ሥር። ብቻዋን።

ልየው ከወንዶቹ ጠርዝ ላይ ቆሞ ያያታል። ደስ አለው። ወዲያው ግን ከምሰሶው አናት እንደ ዱቄት ያለ ትቢያ ሲራገፍ አየ። ትቢያው በሕፃኑ ነጭ ልብስ ላይ አረፈ። ይመኙሻል በነጠላዋ ጠረገችው። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ከዚያ በኋላ ልየው የቅዳሴውን ቃል በጆሮው እንጂ በልቡ አልሰማውም።

ቅዳሴው እንዳለቀ ደጀ ሰላሙ ጋ ያዛት።

«ለምን እንደ ሌሎቹ ራቅ አላልሽም?»

«እዚያ ቁሙ ያልከን አንተ ነህ፣ አባዬ።»

«ሲራገፍ አላየሽም እንዴ?»

«አየሁ። ባለፈው እሑድም አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

አንገቷን ደፋች። «ከምሰሶው ይልቅ አንተን ፈርቼ ነው።»

ልየው ሕፃኑን ተቀብሎ ግንባሩን ሳመ፤ መልሶ ሰጣትና ወደ አባ ኅሩይ ሄደ። «አባ፣ አናጢውን ይጥሩልኝ» አለ።

በማግስቱ አናጢው ከምሰሶው በላይ ያለውን አግዳሚ በጠንካራ ባላዎች ደገፈና ምሰሶውን ከሥሩ ገፋ አደረገው። ምን ሆነ መሰላችሁ? ምሰሶው ተወዛወዘ! እግሩ ተበልቶ አልቆ መሬት አይነካም ነበር። ለካ ጣሪያውን መሸከም ካቆመ ቆይቷል፤ ጣሪያው ነበር ምሰሶውን አንጠልጥሎ የያዘው።

ልየው ከደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «አያቴን አሳፈርኳቸው» አለ።

አባ ኅሩይ አጠገቡ ተቀመጡ። «አያትህ ምን አጠፉ? በዘመናቸው ጥሩ እንጨት አመጡ፤ እንጨቱም የሚችለውን ያህል ተሸከመ። አሁን የሚያመጣው ማን ነው?»

ልየው ለራሱ ቤት ማደሻ ያቆየው ጥድ ነበረው። አመጣው። ሲተከል እሱም ከሰዎቹ ጋር ትከሻውን ሰጠ። በቀጣዩ እሑድ ሴቶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። ይመኙሻል ግን እዚያ አልነበረችም፤ በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃን ባለበት፣ ራሷ በመረጠችው ቦታ ቆማ ነበር። ልየው አያት፤ ወደ ምሰሶው ነይ ግን አላላትም።

ምእመናን ሆይ፣ ይህን ታሪክ ስትሰሙ ስለ ማን አሰባችሁ? ስለ ጎረቤታችሁ? ስለ ምስጡ?

እኔ ስለ ልጅቷ አስባለሁ። አደጋውን እያየች፣ ሕፃን ታቅፋ፣ አባቷን ፈርታ ስለ ቆመችው። አባቶች ሆይ፣ እናቶች ሆይ፣ በእናንተ ቤትስ እንዲህ የቆመ የለም? ክብራችን እንዳይነካ ብለን ስንቱን ጎድተናል? ያልፈለገችውን ትዳር ለስማችን ስትል የያዘች ልጅ የለችም? በሽታውን የደበቀ፣ ጭንቀቱን የዋጠ፣ የእኛን ቁጣ ፈርቶ እውነቱን የሸሸገ የለም?

ስም ከአባቶቻችን ወርሰናል፤ ደግ ነው፤ እንጠብቀው። ግን ስሙን ስንጠብቅ ሰው አይሙትብን።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁን አስቀምጡና ጠይቋቸው፦ «እኔን ፈርታችሁ ያልነገራችሁኝ ምን አለ?» በሏቸው። መጀመሪያ ዝም ይሏችኋል። ታገሡ። ሲነግሯችሁም አትቆጡ።