ሶፋው ወደ ግቢ የወጣበት ቅዳሜ

አንድ ገረመው የሚባል የእህል ነጋዴ ነበር። ቤት ሲሠራ ከሁሉም አብልጦ የደከመው ለሳሎኑ ነው። ሶፋው ዙሪያውን ተደረደረ፣ ምንጣፉ ተነጠፈ፣ ባለመስታወቱ ቡፌ ማንም በማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ተሞላ። ከዚያ በኋላ ሳሎኑ ለእንግዳ ተብሎ ተዘጋ። እንግዳ ደግሞ የሚመጣው ለበዓል ብቻ ነው።

ቤተሰቡ የሚኖረው በጓሮ በኩል ነበር። ገረመው ከሱቅ ሲመለስ ራቱ መኝታ ቤት ይገባለታል፤ ሚስቱና አንድያ ልጁ ስንዱ ወጥ ቤት ዱካ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ሁሉም በዚህ የተስማማ ይመስለው ነበር።

ሚስቱ ታማ ሞተች። ጎረቤት ደርሶ የሳሎኑን ዕቃ ሁሉ ግቢ አወጣና ሸራ አለበሰው፤ በባዶው ክፍል ዙሪያውን ፍራሽ ተነጠፈ። አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሐዘን ተቀመጡ። ለቀስተኛው ሲሳሳ ስንዱ አባቷን ታወራው ነበር። እናቷ እሱ ከሱቅ እስኪመጣ ድረስ መስኮቱ ጋ ቆማ ትጠብቀው እንደነበር፣ ስንዱ ራሷም በልጅነቷ ጨለማ ትፈራ እንደነበር ነገረችው። ገረመው ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። ሐዘኑ አንጀቱን እየበላው ደስ ይለው ነበር፤ ደስ ስላለውም ያፍር ነበር።

ሐዘኑ አለፈ፣ ፍራሹ ተነሣ፣ ሶፋው ወደ ቦታው ተመለሰ። ስንዱም ወደ ክፍሏ ተመለሰች። በሁለቱ መካከል የቀረው "ደህና አደርክ" እና "ደህና እደሪ" ብቻ ሆነ። ይባስ ብሎ ሩቅ አገር ሥራ አገኘችና ለመሄድ መሰናዳት ጀመረች። በቅጡ ሳያውቃት ልትሄድበት መሆኑ ገረመውን እንቅልፍ ነሳው። ግን ምን እንደጎደለ አልገባውም። ሳሎኑ ያው ሳሎን ነው፣ ልጅቷም ያቺው ልጅ ናት።

ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስንዱ አልፋ ሄደች። መጋረጃውን ቀየረ። "ያምራል" አለችና አልፋ ሄደች። የቤት ማስዋብ ባለሙያ አመጣ፤ ሰውየው ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ "ብርሃን ያንሰዋል" አለ። አምፖል ተጨመረ። አሁን ሰው የሌለበት ሶፋ ከበፊቱ የበለጠ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ገረመው ሲቸግረው አንድ ቅዳሜ ስንዱ ገበያ ስትወጣ የሱቁን ተሸካሚዎች ጠራ። በሐዘኑ ሰሞን እንደነበረው ላድርገው ብሎ ዕቃውን በሙሉ ግቢ አስወጣ። ሸራውንም አለበሰው።

ጎረቤት ሸራውን አየ። መጀመሪያ የደረሱት አጥር የሚጋሩት አሮጊት፣ እማማ አስካለ ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ሌላውም ተከተለ። ግማሹ "ማን ነው?" ይላል፣ ግማሹ ለማን እንደሆነ ሳያውቅ ያለቅሳል። ስንዱ ከገበያ ስትመለስ ጩኸቱን ከበር ሰማች። ዘንቢሏን ጥላ "አባዬ!" እያለች ሮጠች፤ አባቷን ባዶው ሳሎን መሀል ቆሞ ስታገኘው አንገቱን አንቃ ያዘችው።

"ማንም አልሞተም" አለ ገረመው።

ልቅሶው ቆመ። ሰዉ ይሳቅ ወይስ ይቆጣ ግራ ገባው።

"ታዲያ ዕቃው ምን አደረገህ?" አሉ እማማ አስካለ፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ።

"ስንዱ እንድትቀመጥ ብዬ ነው እኮ፣ እማማ። ያኔ አጠገቤ ነበረች። ሶፋው ሲመለስ ሄደች። ሶፋው ይሆናል ብዬ..." ሲናገረው ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ስንዱ ለቀቀችው። "አባዬ፣ ያኔ 'ነይ፣ አባትሽ አጠገብ ተቀመጪ' ያለኝ ጎረቤት ነው። አንተ ተቀመጪ ብለኸኝ ታውቃለህ?"

ገረመው አሰበ። "እንዳታቆሽሺው" ብሏል። "በሩን ዝጊው" ብሏል። "እንግዳ መጣ፣ ተነሺ" ብሏል። ሌላውን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው።

ጎረቤቱ አንዳንዱ እያጉረመረመ፣ አንዳንዱ ሳቁን እያፈነ ወጣ።

"ተቀመጪ፣ ልጄ" አላት።

ስንዱ ዙሪያውን አየች። ወንበር የለ፣ ፍራሽ የለ። "የት?"

እሱም አላወቀም። ባዶው ወለል ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

"ሽንኩርቱ ደጅ ተበትኗል" አለች።

"ይቆይ" አላት።

ወዳጆቼ፣ ሳሎን ማሳመር ነውር የለውም። ሶፋ ግን የቱንም ያህል ቢለሰልስ ሰው አይጠራም፤ ሰውን የሚጠራው ሰው ነው። እኔን እስካሁን ግራ የሚያጋባኝ አንድ ነገር አለ። ለእንግዳ "ግባ፣ ቁጭ በል፣ ቤትህ ነው" እያልን የምንለምን ሰዎች፣ ቤቱ የራሱ ለሆነው ሰው ይህችን ቃል እንዴት ነፈግነው? ሞት መጥቶ ዕቃውን እስኪያስወጣልን ነው የምንጠብቀው? እናንተስ ቤት፣ ዛሬ "ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል" የተባለ ሰው አለ?