ዛጎልና ጎደሬ

ፊታውራሪ ደምመላሽ ካቻምና ከባሕር ወደብ የተመለሱት ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ ሥጋ መብላት ለምደው ነው። ከዚያ ወዲህ የአገራቸው ሥራ ሥር አልጥም አላቸው። አንድ ቀን በግብር ላይ አንዲት ጎደሬ ተካይ ሴትዮ አስጠሩና፣

«ሰው የሚበላውን ይመስላል። ጎደሬ ሆድ ከመንፋት በቀር ምን ይረባል? ያ የባሕር እንስሳ ግን፣ ሲነኩት ዛጎሉን ጥርቅም አድርጎ ቢዘጋም፣ ሥጋው ጀግና ያደርጋል። ጎደሬሽን ነቅለሽ ጣይ፤ እንቢ ካልሽ ምክንያትሽን ተናገሪ» አሏት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሳች።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ ሰው የሚበላውን ይመስላል። አምና ሽፍታ አገራችንን ሲወር፣ እኛ ጎደሬ በላተኞቹ ሥር እንደ ሰደደ ተክል ከመሬታችን አልተነቀልንም። እርስዎ ግን በርዎን ጥርቅም አድርገው ዘግተው ሲቀመጡ፣ ምን በልተው ይሆን እያልን ግራ ገብቶን ነበር።»